ጨዋታ ተብሎ የተናቀው ሸቀጥ



ሲኒማ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ በገባ ዘመን ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን «ሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ሰየመው ከአባቶቻችን አፍ የሰማን ብዙዎች ነን። በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ በግድግዳ ላይ የሚጋልብ ፈረስና የሚተኵስ ሰው ማየት ለዚያ ዘመን ሰው ምትሐት መስሎ መታየቱ አያስደንቅም። ነገር ግን ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው የተወገዘው ነገር አዳራሽ የሚያሠሩ፣ ፊልም የሚያስመጡና ቲኬት የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚተዳደሩበት ሙያ ሆነ። ከዚያም አልፎ የአገራችን ልጅ ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በተባለው ፊልሙ በ2008 ዓመተ ምሕረት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ከአገራችን አዋጆች ቁጥር በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት አገኘበት። ሰይጣኑ ከዚያ ቤት የወጣው በጠበል ሳይሆን በሥራ ነው።

ዛሬ ያ የጥንቱ ስም ወደ ሌላ ቤት የተዛወረ ይመስላል። በየሰፈሩ አንድ ጠባብ ክፍል፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖችና የመጫወቻ መሣሪያዎች ይዞ ለልጆች በየጨዋታው የሚያከራይ ቤት አለ። ወላጅ በዚያ ደጃፍ ሲያልፍ ፊቱን ያጠቍራል፤ መምህር ከትምህርት የቀረ ተማሪ ሲያጣ በመጀመሪያ የሚጠረጥረው ያንን ቤት ነው። ነጋዴውም ቢሆን ይህን ዕቃ ከፕላስቲክ አሻንጉሊት ለይቶ አያየውም፤ ቢያመጣው ለበዓል ሰሞን ገበያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱም ግምቶች ከእውነት የራቁ መሆናቸውን ማስረዳት ነው። ልጆቻችን «ጌም» የሚሉት የቪዲዮ ጨዋታ እንደ መጽሐፍና እንደ ፊልም ያለ የጥበብ ሥራ ነው። የጥበብ ሥራ በመሆኑም የሕዝብን አሳብ የመለወጥ ኀይል አለው። ይህን ኀይል አውቆ በገንዘቡ የሚደግፍ ነጋዴ በአገራችን ካልተነሣ ግን ልጆቻችን የሌላውን ሕዝብ ታሪክ ብቻ ሲጫወቱ አድገው፣ የገዛ ታሪካቸውን የሚጫወትላቸው ሳይኖር ይቀራል። ገበያውን አጥኚ ድርጅቶች በሚሰጡት ግምት የዚህ ንግድ የዓለም ሽያጭ በ2023 ከ180 ቢሊዮን ዶላር በላይ ስለ ነበረ፣ ነገሩ የልጆች ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ መተው ለንግድ ሰው የሚገባ አይደለም።

በመጀመሪያ ጥበብ ነውን? የሚለውን ጥያቄ እንመርምር። ሮጀር ኢበርት የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ የፊልም ሐያሲ በ2010 የቪዲዮ ጨዋታ ከቶ ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጽፎ ነበር። ምክንያቱም አጭር ነው፤ ጨዋታ ሕግና ነጥብ አለው፣ አሸናፊና ተሸናፊ አለው፤ ጥበብ ግን የሚያሸንፉት ነገር አይደለም የሚል ነው። በዚያው ዓመት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ራሱ ያልተጫወተውን ነገር አስቀድሞ መኰነኑ ስሕተት እንደ ነበረ አምኖ ጻፈ። ዕድሜውን ሙሉ ለሲኒማ ጥብቅና የቆመ ሰው በአዲሱ ጥበብ ላይ የሰነዘረው ቃል የእኛ ሰዎች በሲኒማ ላይ ከሰነዘሩት ጋር መመሳሰሉ የሚያስተምረን ነገር አለ። እያንዳንዱ ትውልድ የሚያውቀውን ጥበብ ያከብራል፤ ከእርሱ በኋላ የመጣውን ግን በር ላይ ያቆመዋል።

በሩ ግን እየተከፈተ ሄዷል። በኒው ዮርክ የሚገኘው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በ2012 አሥራ አራት የቪዲዮ ጨዋታዎችን መርጦ በቋሚ ንብረትነት መዝግቧል። ከዚያ ቀደም በ2006 የፈረንሳይ የባህል ሚኒስቴር ሺጌሩ ሚያሞቶ የተባለውን ጃፓናዊ የጨዋታ ደራሲ ከሁለት የፈረንሳይ ባልደረቦቹ ጋር በሥነ ጥበብና በሥነ ጽሑፍ ኒሻን ሸልሟል።

ለእኛ ይልቁንም ሊጠቀስ የሚገባው የሕጉ ክርክር ነው፤ ከሳሾቹ ነጋዴዎች ነበሩና። በ2005 የካሊፎርኒያ ግዛት ዓመፅ የበዛበትን ጨዋታ ለአካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሸጠ ነጋዴ እስከ 1,000 ዶላር እንዲቀጣ ሕግ አወጣ። የመዝናኛ ዕቃ ሻጮች ማኅበር ሕጉን ተቃውሞ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በሰኔ ወር 2011 ሰባት ዳኞች ለነጋዴዎቹ፣ ሁለት ዳኞች በተቃውሞ ፈረዱ። የፍርዱ ፍሬ ነገር የቪዲዮ ጨዋታ እንደ መጽሐፍ፣ እንደ ቴአትርና እንደ ፊልም አሳብን የሚያስተላልፍ ስለ ሆነ የእነርሱ ጥበቃ ለእርሱም ይገባዋል የሚል ነው። የነጋዴዎች ማኅበር የራሱን ሸቀጥ ክብር ተከራክሮ ያስከበረበት ይህ ታሪክ በንግድ ምክር ቤት ጋዜጣ ላይ ሊነገር የሚገባው ነው።

ነገር ግን ሙዚየምና ፍርድ ቤት ስለ መሰከሩ ብቻ አንድ ነገር ጥበብ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ጨዋታ ወስደን ውስጡን እንመልከት።

በፖላንድ ዋና ከተማ በዋርሶ የሚገኝ «ኢሌቨን ቢት ስቱዲዮስ» የሚባል ኩባንያ በኅዳር ወር 2014 «ዲስ ዋር ኦቭ ማይን» የሚል ጨዋታ ለገበያ አወጣ፤ ትርጕሙ «ይህ የኔ ጦርነት» እንደ ማለት ነው። መነሻ አሳቡ የተወሰደው ከ1992 እስከ 1996 በከበባ ውስጥ ከኖረችው ከሳራዬቮ ከተማ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ጦርነት የሚሠሩ ብዙዎቹ ጨዋታዎች ተጫዋቹን ወታደር አድርገው ጠመንጃ ያስይዙት ነበር። ይህ ግን ተጫዋቹን የሚያስቀምጠው በተፈራረሰ ቤት ከተጠለሉ ጥቂት ሲቪሎች ጋር ነው። አንዱ ምግብ አብሳይ ነው፤ አንዱ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነበረ፤ አንዲቱ ጋዜጠኛ ናት። ቀን ቀን ተኳሾች መንገዱን ስለሚጠብቁ መውጣት አይቻልም፤ ምድጃ ይጠገናል፣ አልጋ ይሠራል፣ የዝናብ ውኃ ይጠራቀማል። ሌሊት አንድ ሰው አንድ ከረጢት ይዞ ይወጣና ምግብ፣ መድኀኒትና ማገዶ ፈልጎ ይመለሳል። ከረጢቱ የሚይዘው በልክ ነው፤ መድኀኒቱን ያነሣ እንደ ሆነ ማገዶውን ይተዋል።

በዚያች ከተማ ገበያም አለ። የወረቀት ገንዘብ ዋጋ ስለሌለው ዕቃ በዕቃ ይለወጣል፤ ቡና፣ ሲጋራና በቤት የወጣ አረቄ የገንዘብን ሥራ ይሠራሉ። አንድ ነጋዴ በየጥቂት ቀኑ መጥቶ በር ያንኳኳል። ጋዜጠኛይቱ የዋጋ ክርክር ስለምታውቅበት እርሷ የምትደራደር እንደ ሆነ የተሻለ ይገኛል። ብርዱ ሲበረታና ዕቃው ሲጠፋ ዋጋው ይለዋወጣል። ገበያ ሲዘጋና መንገድ ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን በአገራችን ያየ ነጋዴ ይህን ሲጫወት እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ከሰው ችግር ምን ያህል ማትረፍ ይገባል? የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ፊቱ ይደቀናል፤ መልሱንም ራሱ መስጠት ይኖርበታል።

በሌሊት ከሚደረስባቸው ቤቶች በአንዱ ሁለት አረጋውያን፣ ባልና ሚስት፣ ይኖራሉ። መሣሪያ የላቸውም፤ ምግብና መድኀኒት ግን አላቸው። በተጫዋቹ ቤት ደግሞ በሽተኛ ተኝቷል። ሽማግሌው ይለምናሉ እንጂ መከላከል አይችሉም። ዕቃቸውን ይዞ መሄድ ይቻላል፤ የጨዋታው ሕግ አይከለክልም፤ ነጥብ የሚቀንስ ዳኛም የለም። ነገር ግን የዘረፈው ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ያዝናል፤ ሐዘኑም ወደ ጓደኞቹ ይጋባል፤ ሲብስበትም እጁ ለሥራ አይታዘዝም። የአረጋውያኑን ቤት በሌላ ሌሊት ተመልሶ ያየ እንደ ሆነ ደግሞ የሠራውን ሥራ ፍሬ በዐይኑ ያገኘዋል።

የዚህ ጥበብ ልዩ ኀይል እዚህ ላይ ይታያል። መጽሐፍ «እገሌ ሰረቀ» ብሎ ይነግረናል፤ ፊልም እገሌ ሲሰርቅ ያሳየናል፤ ጨዋታው ግን «ሰረቅህ» ይለናል። አንባቢ በሌላ ሰው ላይ ይፈርዳል፤ ተጫዋች ግን በራሱ ላይ ለመፍረድ ይገደዳል። ሮጀር ኢበርት እንደ ጉድለት የቈጠረው የምርጫ ነፃነት ለዚህ ጥበብ እንደ ቀለምና እንደ ብሩሽ ሆኖ የሚያገለግለው እርሱ ነው። ድሉም ቢሆን ጠላትን መጣል አይደለም፤ ሰው ሆኖ እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ መቆየት ነው።

ይህ ያዘነ ጨዋታ በገበያ ምን ገጠመው? ኩባንያው እንዳስታወቀው የመሥሪያ ወጪውን በሁለት ቀን ውስጥ መለሰ፤ እስከ 2019 ድረስም ከአራት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በሰኔ 2020 የፖላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ማቴዉሽ ሞራቪየትስኪ ጨዋታው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከተመረጡት ተጨማሪ ንባቦች ጋር እንደሚመዘገብ አስታወቁ፤ ተማሪዎችም ያለ ዋጋ እንዲያገኙት ተደረገ። ዕድሜ የተወሰነበት ስለ ሆነም የተፈቀደው 18 ዓመት ለሞላቸው ነበር። በየካቲት 2022 ጦርነት በዩክሬን ላይ በተነሣ ጊዜ ኩባንያው የዚህን ጨዋታ የሰባት ቀን ገቢ ለዩክሬን ቀይ መስቀል ለመስጠት ቃል ገባ፤ የተሰበሰበውም ከ800 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። እውነትን የተናገረ ሸቀጥ ስለ ተናገረ አልከሠረም፤ ገዢ ያገኘውም ከሌሎቹ ተለይቶ የሚናገረው ነገር ስለ ነበረው ነው።

ምናልባት «ይህ የሀብታሞች ጉዳይ ነው፤ ለአነስተኛ ሕዝብና ለአነስተኛ መነገጃ የሚሆን አይደለም» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን ምሳሌ ከአላስካ እናገኛለን። በአንኮሬጅ ከተማ የኩክ ኢንሌት የነገዶች ምክር ቤት የሚባል የነባሩ ሕዝብ የርዳታ ድርጅት አለ። ይህ ድርጅት ከመንግሥት በሚሰጥ ርዳታ ላይ ብቻ ተማምኖ መኖር አደገኛ መሆኑን ስላየ በገንዘቡ የሚሠማራበትን ሥራ ይፈልግ ነበር። ሕንፃ ሠርቶ ማከራየት ይቻል ነበር፤ እርሱ ግን የጨዋታ ኩባንያ መሠረተ። ከአንድ የጨዋታ አዘጋጅ ድርጅት ጋር ተባብሮም በ2014 «ኔቨር አሎን» የሚል ጨዋታ አወጣ፤ «ከቶ ብቻ ያልሆነ» እንደ ማለት ነው።

ታሪኩ ኢኑፒያት የተባለው ሕዝብ በክረምት ምሽት ለልጆቹ ሲነግረው ከኖረው ተረት የተወሰደ ነው፤ አንዲት ልጅና አንድ ነጭ ቀበሮ ማባሪያ ያጣው የበረዶ ዐውሎ ከወዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ይጓዛሉ። በሥራው የሕዝቡ ሽማግሌዎችና ተራኪዎች ተካፋዮች ሆነው ነበር፤ ተረቱም የሚተረከው በራሱ በኢኑፒያት ቋንቋ ነው። በ2015 የብሪታንያ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ለጀማሪ የጨዋታ ሥራ የሚሰጠውን ሽልማት ሰጠው። ተናጋሪው ጥቂት የሆነ ቋንቋ ባሕር አቋርጦ በብዙ አገር ልጆች ጆሮ ተሰማ፤ ቋንቋውንም ያጓጓዘው ለሽያጭ የቀረበ ሸቀጥ ነበር። በአፍሪካም ቢሆን በካሜሩን ዋና ከተማ በያውንዴ «ኪሮ ጌምስ» የተባለው ድርጅት መብራት እየጠፋበት፣ አክሲዮኑን በኢንተርኔት ለባለ ገንዘቦች እየሸጠ በ2016 ከአፍሪካ ተረቶች የተወጠነ ጨዋታ ለዓለም ገበያ አቅርቧል።

ለመሆኑ ጨዋታ የሰዎችን ኑሮ ሥርዐት ሊነካ ይችላል ቢባል ለእኛ አዲስ ነገር ነውን? በገና ዕለት ባላገሩ ሜዳ ወጥቶ ሩሩን በሚመታበት ሰዓት ጌታና ሎሌ እኩል ነበሩ። በሌላ ቀን ቀና ብሎ የማያየውን ጌታውን ሎሌው ይጋፋው፣ በግጥምም ይነካው ነበር፤ ጌታውም እንዳይቈጣ የጨዋታው ሕግ ያስገድደው ነበር። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻም ቢሆን ሌላ ዓይነት ሥርዐት ሊኖር እንደሚችል ሁሉም በዐይኑ ያይ ነበር። ገበጣም በበኩሉ ጠጠር መቍጠርን፣ አስቀድሞ ማሰብንና መታገሥን ለስንቱ እረኛ አስተምሯል። አባቶቻችን ጨዋታን ያልናቁትን ያህል እኛ ልንንቀው አይገባም።

ጅምሩም ቢሆን በአገራችን አለ። አዲስ አበባ ውስጥ «ቅኔ ጌምስ» የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» በሚል ስም ከአሳዳጇ የምትሸሽ ዶሮ የምትሮጥበትን ጨዋታ በእጅ ስልክ አቅርቧል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ኩኩሉን የተጫወተ ሕፃን የራሱን አገር መንገድና ዜማ በመስተዋቱ ላይ ያያል። የደቡብ ሱዳኑ ተወላጅ ሉዋል ማየን ደግሞ በዩጋንዳ የስደተኞች ሰፈር ያደገ ወጣት ነው፤ እናቱ ሦስት ዓመት ቆጥበው በገዙለት ኮምፒዩተር ራሱን አስተምሮ «ሰላም» የተባለ፣ የስደተኛን መከራ ተጫዋቹ እንዲቀምሰው የሚያደርግ ጨዋታ ወጠነ። የእነዚህ ሰዎች ችግር የችሎታ ማነስ አይደለም፤ እንደ ሌላው ሙያተኛ ባለ ገንዘብ አጠገባቸው አለመቆሙ ነው።

ከዚህ በላይ የተናገርነው ሁሉ የቪዲዮ ጨዋታ እንከን የለውም ለማለት እንዳልሆነ ይታወቅልን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከልክ ያለፈ የጨዋታ ሱስን እንደ ሕመም አስገብቶታል። በ2018 የቤልጅየም የቁማር ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በአንዳንድ ታላላቅ ጨዋታዎች ውስጥ ለልጆች በገንዘብ የሚሸጠውን የዕድል ሣጥን መርምሮ ቁማር ነው ሲል ወስኗል። በጨዋታ ስም ቁማር የሚሸጥ ሰው ነጋዴ ሊባል አይገባውም፤ እኛም እንዲህ ያለውን ሰው ለመከላከል ብዕር አናነሣም። እንዲሁም የጨዋታን ኀይል ማጋነን አይገባም። በ2006 በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለ ዳርፉር ሕዝብ መከራ የሠሩትን ጨዋታ በጥቂት ወራት ውስጥ በመቶ ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ተጫወቱት፤ ብዙዎችም ነገሩን በዚያ ዐወቁ። በዳርፉር የተኵሱ ድምፅ ግን በዚያ አልቆመም፤ በ2023ም ጦርነት እንደ ገና ነደደ። ጨዋታ ሰው ያላየውን እንዲያይ ያደርጋል፤ ካየ በኋላ የሚሠራው ግን ራሱ ሰውዬው ነው። መጽሐፍም ከዚህ የበለጠ አላደረገም፤ ስለዚህ ግን መጻፍ ይቅር ያለ የለም።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል? ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፤ ለባንኮች። ወጣቱ የጨዋታ ደራሲ ብድር ሲጠይቅ «ቤት አለህን? መኪና አለህን?» ተብሎ ይመለሳል። ይሁን እንጂ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን ከመጽሐፍ ጋር አብሮ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ሥራዎች ይቈጥረዋል። ስለ ተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ ግዙፍነት የሌለው ንብረትም ለብድር መያዣ እንዲሆን በር ከፍቷል። ሕጉ ከባንኮቻችን ልማድ ቀድሞ ሄዷል። የጥበብ ሥራን ዋጋ መገመት የሚችል ባለሙያ ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብ ለአንድ ባንክ ከባድ ወጪ አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ጨዋታ ለሚያከራዩ ባለ ቤቶች። ሥራችሁ የሚከበረው እናንተ ስታከብሩት ነው። የልጁን ዕድሜ የሚመጥነውን ጨዋታ ለይታችሁ አቅርቡ፤ በትምህርት ሰዓት ለተማሪ በር አትክፈቱ፤ የአገር ልጅ የሠራውን ጨዋታ ከውጭው ጎን አስቀምጡ። መጽሐፍ ሻጭ መደርደሪያውን በምርጫ እንደሚያስውብ ሁሉ የእናንተም ቤት በምርጫው ይታወቅ።

ሦስተኛ፤ ለላኪዎችና ለባለ ፋብሪካዎች። ቡናችንን፣ ጥበባችንንና ታሪካችንን ለውጭ ሰው ለማስተዋወቅ በየዓመቱ ለኤግዚቢሽን አዳራሽና ለወረቀት ማስታወቂያ የምናወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለአንድ የተመረጠ የጨዋታ ሥራ ቢውል፣ ወረቀቱ በተጣለ ማግሥት ጨዋታው በሰው እጅ ይቆያል። የወደብ ኪራይና የመርከብ ጭነት የማይጠይቅ፣ መጋዘን የማያጣብብ፣ በአንድ ሌሊት ለሺህ ገዢ ቢሸጥ የማያልቅ የወጪ ሸቀጥ ከዚህ ሌላ ብዙ አናውቅም። ይህን ሥራ በሚገባ ለማደራጀትም የንግድ ምክር ቤት ባለ ገንዘቡንና ባለ ሙያውን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢያገናኝ ተገቢ ይሆናል።

በ«ሰይጣን ቤት» ዘመን የነበሩ ነጋዴዎች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ ከሚያወግዘው ጋር ቆሞ ማውገዝ፣ ወይም ገብቶ ማየት። ገብተው ያዩት ሙያ አተረፉ፤ ልጆቻቸውም ጥበብ አተረፉ። ዛሬም በየሰፈሩ ባለው ጠባብ ክፍል ደጃፍ የምናልፍ ሁሉ ፊታችንን ከማጥቈራችን በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለን ብንገባና ልጃችን የሚያየውን አብረን ብናይ መልካም ነው። እዚያ ውስጥ የምናገኘው የሌላ አገር ጎዳና፣ የሌላ ሕዝብ ጀግናና የሌላ ሰው ትርፍ ብቻ የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱ የልጁ አይደለም፤ የራሱን አገር የሚያሳየው ጨዋታ ያላቀረብንለት የእኛ የነጋዴዎች ነው።